ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፦ የአሲድና የቤዝ ጥያቄ ለሚጠብቀው ልጄ

ልጄ፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወራት ሲቃረብ የሐዋሳው አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ ከሚመጣው ሰው ጋር ደብተር የያዘ ተማሪም ይበዛበታል። ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ሾርት ኖት ስትለዋወጡ፣ አንዱ ጠያቂ ሌላው መላሽ ሆኖ ስትከራከሩ አያችኋለሁ። ትጋትህን አልጠራጠርም፤ የምሰጋው ችኮላህን ነው። የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መጽሐፍህ የሚጀምረው በአሲድና ቤዝ ነው። ብዙ ተማሪ «እሱንማ በዓመቱ መጀመሪያ ጨርሼዋለሁ» ይልና ዳግመኛ ሳያየው ፈተና ይገባል። በማስተማር በቆየሁበት ዘመን እንዳየሁት፣ በዚህ ምዕራፍ ነጥብ የሚጥለው አብዛኛው ተማሪ ፎርሙላ የሸመደደ ነው፤ የጎደለው የትኛው ፎርሙላ ለየትኛው ሶሉሽን እንደሆነ መጠየቅ ነው። የምነግርህ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ማስላት ከመጀመርህ በፊት ውሃው ውስጥ ማን እንዳለና ምን ያህሉ አዮን እንደሆነ እወቅ። ቀሪውን አንድ በአንድ ስማኝ።

1. ፎርሙላ ከመጻፍህ በፊት ውሃው ውስጥ ያለውን ጻፍ። ጥያቄው «0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ» ካለህ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ዝርዝሩን አስቀምጥ፦ ውሃ አለ፤ ብዙ ያልተከፈለ አሴቲክ አሲድ አለ፤ ጥቂት ሃይድሮኒየም አለ፤ የዚያኑ ያህል አሴቴት አለ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካለህ ደግሞ ያልተከፈለ ሞለኪውል ብትፈልግም አታገኝም፤ ሁሉም ሃይድሮኒየምና ክሎራይድ ሆኗል። ይህ ዝርዝር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድንልህ ግን ሙሉ ጥያቄ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ዝርዝሩን የጻፈ ተማሪ ፎርሙላው ራሱ ይመጣለታል። ያልጻፈው መጀመሪያ ትዝ ያለውን ይዞ ይሮጣል፤ ጥያቄ አውጪው ደግሞ ያንን ሩጫ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የተሳሳተችውን መልስ ከአማራጮቹ መካከል አስገብቶ ይጠብቀዋል።

2. ጠንካሮቹን በስማቸው እወቃቸው፤ የቀሩትን ሁሉ ደካማ ብለህ ጀምር። ከአሲዶቹ ሃይድሮክሎሪክ፣ ሃይድሮብሮሚክ፣ ሃይድሮአዮዲክ፣ ናይትሪክ፣ ፐርክሎሪክና ሰልፈሪክን ያዝ። ከቤዞቹ የሊትየም፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድን፣ ቀጥሎም የካልሲየም፣ የስትሮንሺየምና የባሪየምን። ሰልፈሪክ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የመጀመሪያውን ፕሮቶን ሙሉ በሙሉ ይለቃል፣ ሁለተኛውን ግን በከፊል ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድም እንዳያታልልህ። ስሙ ከሃይድሮክሎሪክ ጋር ይመሳሰላል፣ መስተዋት ሳይቀር ይበላል፤ ሆኖም ውሃ ውስጥ ጥቂቱ ብቻ አዮናይዝ ስለሚሆን ደካማ አሲድ ነው። በዚህ ትምህርት «ደካማ» ማለት በጥቂቱ አዮናይዝ የሚሆን ማለት ብቻ ነው፤ የማይጎዳ ማለት አይደለም።

3. «ጠንካራ»ን እና «ኮንሰንትሬትድ»ን ለየብቻ አስቀምጣቸው። ጥንካሬ የሚነግርህ ከገባው አሲድ ስንት እጁ አዮን እንደሆነ ነው። ኮንሰንትሬሽን የሚነግርህ ስንት አሲድ እንደገባ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ «ጠንካራ አሲድ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ፒኤች አለው» ብሎ ይመልሳል። አስላውና እየው። የ0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 3 ነው። የ0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤች 2.52 ነው። ደካማው በብዛቱ ምክንያት ከጠንካራው ሦስት እጥፍ ሃይድሮኒየም ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ነው ጠንካራ?» ሲልህ ኬኤውን እይ፤ «የቱ ነው ዝቅተኛ ፒኤች ያለው?» ሲልህ ግን ኬኤውንም ኮንሰንትሬሽኑንም እይ።

4. ኬኤ ስለ ምን እንደሚናገር በቃልህ ማስረዳት እስክትችል አትለፈው። ኬኤ ኢኩሊብሪየም ላይ ሲደረስ የአዮኖቹ ኮንሰንትሬሽን ተባዝቶ ላልተከፈለው አሲድ ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። የአሴቲክ አሲድ ኬኤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.8 × 10⁻⁵ ነው፤ ትንሽነቱ አብዛኛው አሲድ ሳይከፈል መቅረቱን ይናገራል። ውሃ ብትጨምርበት አይለወጥም፤ አሲድ ብትጨምርበትም አይለወጥም፤ የሚለውጠው ሙቀት ነው። ኬኤ ሲያድግ ፒኬኤ እንደሚያንስም አስታውስ። አራት አሲዶች በፒኬኤ ተዘርዝረው «ደካማውን ምረጥ» ሲባል ትንሹን ቁጥር የሚያጠቁር ተማሪ ብዙ ነው። ትልቅ ፒኬኤ ያለው ነው ደካማው።

5. ውሃ ሲጨመር ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚቀንስ ለይ። ይህችን ጥያቄ ሁሉም ፈታኝ ይወዳታል፣ ሁሉም ቸኳይ ይወድቅባታል። በ0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ ሃይድሮኒየሙ 3.0 × 10⁻³ ሞላር ነው፤ ይህም ከገባው አሲድ 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ሶሉሽኑን መቶ ጊዜ አቅጥነህ 0.005 ሞላር ብታደርሰው ሃይድሮኒየሙ ወደ 3.0 × 10⁻⁴ ይወርዳል፤ አዮናይዝ የሆነው ድርሻ ግን ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወጣል። ድርሻው አደገ፣ መጠኑ ቀነሰ፣ ፒኤቹ ከፍ አለ፣ ኬኤው ባለበት ቆመ። ቪልሄልም ኦስትቫልድ ይህን ሕግ በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጦታል። አራቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ ተናገራቸው፤ ነጣጥሎ የያዛቸው ሰው ፈተና ላይ አንዱን በሌላው ይለውጣል።

6. ያቃለልከውን ስሌት ተመልሰህ መርምር። ደካማ አሲድ ላይ ሥራ ለማቅለል «ከ0.5 የሚቀነሰው በጣም ትንሽ ነው» ብለን እንተወዋለን፤ ከዚያ ኬኤን በኮንሰንትሬሽን አባዝተን ስኩዌር ሩት እናወጣለን። 1.8 × 10⁻⁵ በ0.5 ሲባዛ 9.0 × 10⁻⁶ ነው፤ ሩቱ 3.0 × 10⁻³። ይህ መንገድ የሚፈቀደው አዮናይዝ የሆነው ከ5 በመቶ ሳያልፍ ነው። በ0.5 ሞላር 0.6 በመቶ ስለወጣ ደህና ነው። በ0.005 ሞላር 6 በመቶ ስለሚወጣ አልፏል፤ በኳድራቲክ ስትሠራው 2.9 × 10⁻⁴፣ ማለትም 5.8 በመቶ ይሆናል። በምርጫ ጥያቄ ልዩነቱ ላይጎዳህ ይችላል፤ አማራጮቹ ከተቀራረቡ ግን ይጎዳሃል። ማቃለል መብትህ ነው፤ መመርመር ደግሞ ግዴታህ።

7. ሎጋሪዝምን በእጅህ ሥራ። የ2 ሎግ 0.30፣ የ3 ሎግ 0.48፣ የ5 ሎግ 0.70 መሆኑን ያዝ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ይወጣሉ። የ6 ሎግ የ2ና የ3 ድምር ነው፤ 0.78። ሃይድሮኒየሙ 3.0 × 10⁻³ ከሆነ ፒኤቹ 3 ሲቀነስ 0.48፣ ማለትም 2.52 ነው። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ቀንሰው እንደ መጨረስ ደምረው 3.48 ይላሉ። የሚጠብቅህ አንድ ማሰሪያ አለ፦ ሃይድሮኒየሙ ከ10⁻³ ከበለጠ ፒኤቹ ከ3 ማነስ አለበት። በየቀኑ ጥቂት ሎግ ያለ ካልኩሌተር የሠራ ልጅ በፈተናው ቀን ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ይተርፈዋል።

8. መልስህን ከማጥቆርህ በፊት «ይህ ሊሆን ይችላል?» ብለህ ጠይቀው። አሲድ ተሰጥቶህ ፒኤቹ ከ7 በላይ ከወጣ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ዋናዋ ወጥመድ ይህች ናት፦ «የ10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች ስንት ነው?» ቸኳዩ 8 ይላል። አሲድ ውሃ ውስጥ ጨምረህ ቤዝ ልታወጣ ነውን? ዝርዝሩን ብትጽፍ ኖሮ ውሃ ራሱ ወደ 10⁻⁷ ሞላር የሚጠጋ ሃይድሮኒየም ይዞ እንደጠበቀህ ታይ ነበር። በትክክል ሲሠራ ፒኤቹ 6.98 ነው፤ ከ7 ጥቂት ያነሰ፣ እንደሚገባው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፈተና ላይ ግን ያፈሰሱትን ለመልቀም ጊዜ የለም።

9. ውሃ ራሱ አዮናይዝ እንደሚሆን፣ ይህም በሙቀት እንደሚለወጥ አትርሳ። በ25 ዲግሪ የውሃ ኬደብሊው 1.0 × 10⁻¹⁴ ነው፤ ገለልተኛ ውሃ 7 ላይ የሚቆመው በዚህ ሙቀት ነው። በሰውነታችን ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ኬደብሊው ወደ 2.4 × 10⁻¹⁴ ያድጋል፤ የንጹሕ ውሃ ፒኤችም ወደ 6.8 ይወርዳል። ታዲያ ውሃው አሲድ ሆነ? አልሆነም። ሃይድሮኒየሙና ሃይድሮክሳይዱ እኩል ናቸውና ገለልተኛ ነው። ገለልተኛነትን በ7 የሸመደደ ይሳሳታል፤ በሁለቱ አዮኖች እኩልነት የያዘ ግን ጥያቄው ሙቀቱን ቢለዋውጥበትም አይናወጥም።

10. ቤዝ ሲሰጥህ ሥራውን መጨረስህን አረጋግጥ። በቤዝ ጥያቄ መጀመሪያ የምታገኘው ፒኦኤች ነው፤ የተጠየቅኸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤች ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ደርሶ የሚያጠቁር ልጅ ስንቱን አየሁ! የ0.01 ሞላር ባሪየም ሃይድሮክሳይድን ውሰድ። አንዱ ፎርሙላ ሁለት ሃይድሮክሳይድ ይሰጣልና ሃይድሮክሳይዱ 0.02 ሞላር ነው። ፒኦኤቹ 1.70፣ ፒኤቹ 12.30። ሁለቱን ሃይድሮክሳይድ የረሳ 12 ያገኛል፤ መቀነሱን የረሳ 1.70 ያገኛል፤ ሁለቱም ከአማራጮቹ ውስጥ ተዘጋጅተው ይቆዩታል። አሞኒያ ላይ ደግሞ ሃይድሮክሳይድ በፎርሙላው ውስጥ አትፈልግ፤ ከውሃ ፕሮቶን ወስዶ ነው የሚያስገኘው፣ እሱንም በጥቂቱ።

11. ፕሮቶን ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ሎሚውን ተመልከት። እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ አቅራቢዋ ቆሮሶውን ሰጥታህ ሎሚና ዳጣ ታስከትላለች። ሎሚው ሲጨመቅበት የዓሣው ጠረን ወዲያው ይቀንሳል። ከዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚወጣው ጠረን አብዛኛው አሚን ከሚባሉ ደካማ ቤዞች ነው፤ እነዚህ ያልተከፈሉ ሞለኪውሎች ሳሉ ተነው አፍንጫህ ይደርሳሉ። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ፕሮቶን ሲሰጣቸው ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናሉ፤ አዮን ደግሞ ውሃውን ትቶ አይተንም። እንግዲህ ሕጉን ከዚህ ያዝ፦ ሪአክሽን የሚያጋድለው ደካማው አሲድና ደካማው ቤዝ ወዳሉበት ወገን ነው። ሲትሪክ አሲድ ፕሮቶን ካገኘው አሚን የበለጠ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ ፕሮቶኑ ወደ አሚኑ ይሄዳል። «ኢኩሊብሪየሙ ወዴት ያጋድላል?» የሚል ጥያቄ ሲመጣብህ በሁለቱም ወገን ያሉትን አሲዶች ፈልገህ ኬኤያቸውን አወዳድር፤ መልሱ እዚያው ነው።

12. ኮንጁጌት ጥንድ ስትፈልግ አንድ ፕሮቶን ብቻ ቁጠር። ብሮንስቴድና ሎውሪ በ1923 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በየፊናቸው ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ አሲድ ፕሮቶን ይሰጣል፣ ቤዝ ይቀበላል፣ የሰጠው ከሰጠ በኋላ የራሱ ኮንጁጌት ቤዝ ይሆናል። ሰልፈሪክ አሲድና ሰልፌት ጥንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ሁለት ፕሮቶን አለ። የሰልፈሪክ አሲድ ኮንጁጌት ሃይድሮጅን ሰልፌት ነው። አሲዱ በደከመ መጠን ኮንጁጌት ቤዙ ይጠነክራል፤ በ25 ዲግሪ የሁለቱ ኬኤና ኬቢ ሲባዙ 1.0 × 10⁻¹⁴ ይሰጣሉ። የአሴቲክ አሲድ ኬኤ 1.8 × 10⁻⁵ ከሆነ የአሴቴት ኬቢ 5.6 × 10⁻¹⁰ ነው። የአሞኒያ ኬቢም በአጋጣሚ 1.8 × 10⁻⁵ ነውና ቁጥሩን ስታይ ማን ማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ አትቸኩል። ውሃና ባይካርቦኔት እንደ አጋጣሚያቸው መስጠትም መቀበልም እንደሚችሉ አብረህ ያዝ።

13. ጨውን «ገለልተኛ ነው» ብለህ አትለፈው። ከዚህ በሻሸመኔ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ ከመንገዱ በስተግራ ሻላና አቢያታ ሐይቆች አሉ። ውሃቸው ብዙ ሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት የሟሟበት ስለሆነ ፒኤቹ 10 አካባቢ ነው፤ ከአቢያታም ውሃውን በፀሐይ እያተነኑ ሶዳ አሽ ያመርቱ ነበር። ሶዲየም ካርቦኔት በስሙ ጨው ነው፣ በፎርሙላው ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የለም። ታዲያ ይህ ሁሉ ቤዝነት ከየት መጣ? ካርቦኔት የደካማው የባይካርቦኔት ኮንጁጌት ነውና ከውሃ ፕሮቶን ወስዶ ሃይድሮክሳይድ ይተዋል። ስለዚህ ጨው ሲሰጥህ ሁለቱን ወላጆቹን ጠይቅ። ከጠንካራ አሲድና ከጠንካራ ቤዝ ከሆነ ገለልተኛ ነው፣ እንደ ገበታ ጨው። ከደካማ አሲድና ከጠንካራ ቤዝ ከሆነ ቤዛማ ነው፣ እንደ ሶዲየም አሴቴት። ከጠንካራ አሲድና ከደካማ ቤዝ ከሆነ አሲዳማ ነው፣ እንደ አሞኒየም ክሎራይድ። ሁለቱም ደካማ ሲሆኑ ኬኤውንና ኬቢውን አወዳድር።

14. ጋራ አዮን ሲገባ ኢኩሊብሪየሙ ወደ ኋላ እንደሚመለስ አስብ። 0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ላይ እኩል ሶዲየም አሴቴት ብትጨምር፣ አሴቴቱ የአሲዱን መከፈል ይገታዋል፤ ሃይድሮኒየሙ ከ3.0 × 10⁻³ ወደ 1.8 × 10⁻⁵ ይወርዳል፣ ፒኤቹ ከ2.52 ወደ 4.74 ይወጣል። ያገኘኸው ቁጥር የአሲዱ ፒኬኤ ነው። አሲዱና ኮንጁጌቱ እኩል ሲሆኑ ፒኤች ከፒኬኤ ጋር እኩል ይሆናልና ይህችን ካወቅህ የበፈር ጥያቄ ግማሹ አለቀ። ነገሩ ከወረቀት ውጭም ይሠራል። የአሞኒየም ፒኬኤ 9.25 ነው። ውሃ ፒኤቹ 8.25 ሲሆን ከአሥራ አንድ አንዱ እጅ ያልተከፈለ አሞኒያ ነው፤ ወደ 9.25 ሲወጣ ግማሹ። ዓሣን የሚመርዘው በመተንፈሻ አካሉ በቀላሉ የሚገባው ያልተከፈለው አሞኒያ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ቤዛማ ስለሆነ ቆሻሻ ሲለቀቅበት ለዓሣው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

15. በምትፈተንበት ቋንቋ አጥና። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣልህ። ጓደኛህ በአማርኛም በሲዳምኛም ቢያስረዳህ መልካም ነው፤ መረዳት በአፍ መፍቻ ይቀልላል። ከተረዳህ በኋላ ግን ያንኑ ሐሳብ በእንግሊዝኛ አንብበው፣ ጻፈው። ኬሚስትሪውን እያወቁ «ኖት» ወይም «ኤክሴፕት» የምትለዋን ቃል ዘልለው፣ «ስትሮንገስት አሲድ» እና «ስትሮንገስት ኮንጁጌት ቤዝ» የሚሉትን አንድ አድርገው የሚወድቁ ልጆች አሉ። ጥያቄውን ስታነብ እንዲህ ያሉትን ቃላት አስምርባቸው። ምን እንደተጠየቀ በገዛ ቃልህ ሳትል ወደ አማራጮቹ አትውረድ።

16. የሳትከውን ጥያቄ ከመለስከው አስበልጠህ አክብር። ወርክሺት በወርክሺት ላይ መደርደር ጥናት ይመስላል። የሚጠቅምህ ግን የሳትኸውን ለይተህ በአንድ ደብተር መጻፍ ነው፦ ጥያቄው ምን ነበር፣ ምን መለስኩ፣ ለምን መሰለኝ፣ እውነቱ ምንድን ነው። «ለምን መሰለኝ» የምትለዋን አትዝለላት፤ የስሕተትህ ሥር ያለው እዚያ ነው። በዚህ ምዕራፍ ስሕተቶቹ ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው፤ ከላይ የዘረዘርኩልህን አብዛኞቹን ታገኛቸዋለህ። ከጓደኞችህ ጋር ስታጠና ደግሞ መልሱን ብቻ አትጠይቅ። አንዱ ለሌላው ደብተር ሳያይ ያስረዳ፤ ማስረዳት ያቃተው ቦታ ያልገባው ቦታ ነው። ፎርሙላ አይቶ «ገባኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ባዶ ወረቀት ላይ መሥራት ሌላ።

17. ቀደም ብለህ ጀምር፣ በሌሎች መልስ ላይ አትደገፍ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። የሌላውን መልስ ተማምኖ መግባት ምን እንደሚያስከትል እንድታውቅ ነው። በቴሌግራም «የፈተናው መልስ አለኝ» የሚልህ ሁሉ ገንዘብህን ይፈልጋል፣ አልያም ጊዜህን። ግቢ ስትገባ ስልክህ አብሮህ አይገባም፤ አብሮህ የሚገባው የሠራኸው ብቻ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በመጨረሻው ሌሊት የሸመደድኸው ፎርሙላም እንዲሁ። ያን ሌሊት ተኛ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ መቀነስ በሚገባው ቦታ ይደምራል።

18. የምታጠናው ለፈተናው ብቻ እንዳይመስልህ። በሲዳማ ደጋ፣ በወለጋ፣ በጎጃም አፈሩ አሲዳማ የሆነበት ገበሬ ብዙ ነው። አፈር አሲዳማ ሲሆን አልሙኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል፤ ፎስፈረሱም ለተክሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ካርቦኔቱ የአፈሩን ፕሮቶን ይቀበላል። ስንት ኖራ ለስንት ማሳ እንደሚበቃ የሚያሰላው ሰው ዛሬ አንተ የምትማረውን የተማረ ነው። ውጤት ቢያንስብህም ተስፋ አትቁረጥ። ስቫንቴ አሬኒየስ ጨው፣ አሲድና ቤዝ ውሃ ውስጥ አዮን ስለመሆናቸው በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ጽሑፍ ዝቅተኛ ውጤት ነው የተሰጠው። ሐሳቡን ግን አልተወም፤ በ1903 በዚያው ሥራ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መምህራኑ ዝቅተኛ ውጤት ቢሰጡትም እሱ ውሃው ውስጥ ማን እንዳለ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ የምመክርህን መከርሁ። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጣና 0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድን ከዝርዝሩ እስከ ፒኤቹ ብቻህን ሥራው። ነገ አሞኒያን፣ ከነገ ወዲያ ሶዲየም ካርቦኔትን። ሦስቱን ያለ ማንም እገዛ ከጨረስህ ይህ ምዕራፍ ያንተ ነው። እጅህ አይሳት፣ ዓይንህ አይዝለል፣ የደከምህበት ይቆጠርልህ።